ሬሳ የሌለው ለቅሶ

ከቡሬ የወጣሁት በገበያ ቀን፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ገበያተኛው በየአቅጣጫው ሲበተን እኔም አብሬ ተበተንሁ። ፊቴን በሻሽ ሸፍኜ፣ የበርበሬ ስልቻ ታቅፌ ከሐጂ እድሪስ በቅሎዎች ኋላ ስሄድ ያየኝ ሁሉ የነጋዴ ሚስት ነው ያለኝ። ምሽጉ አጠገብ መንገድ የሚጠብቀው ባንዳ ግን የጎረቤታችን ልጅ ሆኖ አረፈው! «ምንድን ነው የያዝሽው?» ብሎ ስልቻውን ከፍቶ ቢያሸት ማስነጠስ ጀመረ፤ ሲያስነጥስ ሲያስነጥስ እኛ አለፍን። «ይማርህ» ልለው ነበር እኮ! ምላሴ እንደማያርፍ እናንተው ታውቁታላችሁ። ሐጂ እድሪስ በክርናቸው ጎሰም ባያደርጉኝ ያን ዕለት ተይዤ ነበር።

የወጣሁበትን ምክንያት ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ከሠራ ወዲህ ወንድሜ አድማሱ ዱር ገብቷል። እሱን ሲያጡት ዘመዱን መልቀም ጀመሩ፤ እህት፣ ሚስት፣ እናት ሳይሉ። ሐጂ እድሪስ የአባቴ ወዳጅ ነበሩና «ልጂቱን ሱዳን አደርስልሻለሁ፤ አንቺም ተነሺ» ብለው እናቴን ለመኗት። እናቴ ወርቄ እንቢ አለች። «ልጄ አንድ ቀን በጓሮ ቢመጣ እሳት ያለበት ቤት ይጠብቀው» አለች። እሷን ማን ይከራከራታል!

ወርቄን ከወጀት እስከ ሽንዲ የማያውቃት የለም። ሙሾ አውራጅ ናት። ትልቅ ሰው ሲሞት በቅሎ ተልኮላት ትሄዳለች፤ እሷ ካልደረሰች ለቅሶው ለቅሶ አይሆንም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ከኋላዋ ቆሜ እየተቀበልሁ ነው ያደግሁ። ታዲያ ስንሰነባበት ላለቅስ ስል ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ተይ! ማን ሞተና? ለሕያው አይለቀስም። በቁሙ ያለቀሱበትን ሰው ስሙን ሞት ይሰማዋል።»

«እሺ እማ።»

«ነጋዴ ከሚደርስበት ቦታ እንዳትርቂ። የወንድምሽን ወሬ የሰማሽ እንደሆነ ላኪብኝ፤ እኔም እልክብሻለሁ። ከነጋዴ የራቅሽ ዕለት ሁለታችሁንም አጣኋችሁ ማለት ነው።»

ይህ ቃል ነው እስከ ዛሬ አንገቴን ይዞኝ ያለው።

ሽንዲ አድረን ወደ ቆላው ወረድን። የበቅሎዎቹን ቃጭል ሣር ጎስጉሰንበት ነበር። ጣልያን በአውሮፕላን ይዞራልና ጉምጉምታው በተሰማ ቁጥር በቅሎ ከነጭነቱ እየጎተትን ቀርቀሃ ውስጥ እንገባለን። ቀርቀሃው ውስጥ ደግሞ ዝንቡ፣ ሙቀቱ፣ የእባቡ ፍርሃት! አንዱ ነጋዴ በንዳድ ተይዞ ሲቃዥ «ዝም አሰኙት፣ ይሰማናል» እየተባለ አፉን በጋቢ ይዘንለት እናልፍ ነበር። ሐጂ እድሪስ ስግደታቸውን፣ እኔ ውዳሴ ማርያሜን፣ ሁላችንም በየአምላካችን እየተማጠንን የሱዳን ምድር ሩሴሪስ ደረስን። ከዚያ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በባቡር ካርቱም ገባሁ፤ ሐጂ እድሪስም ወንዙን ተሻግረው ለንግዳቸው ኦምዱርማን ገበያ ወረዱ።

የስደተኛ ጽሕፈት ቤቱን ነገርማ አታንሡት። አንድ ቀይ እንግሊዝ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ ከጎኑ አማርኛ የሚያውቅ ተርጓሚ ቆሟል።

«ሥራሽ?» አለኝ ተርጓሚው።

«አልቃሽ ነኝ።»

«እህቴ፣ የደረሰብሽን መከራ አይደለም፤ ሥራሽን ነው የጠየቀሽ።»

«እኮ! ሥራዬ ማልቀስ ነው።»

ለእንግሊዙ ነገረው። እንግሊዙ መነጽሩን አወለቀ። «ለምንድን ነው የምታለቅሰው? ይላል።»

«ሰው ሲሞት ነዋ! እነሱ አገር ሰው አይሞትም?»

«ይሞታል፤ ግን ዝም ብለው ነው የሚቀብሩት ይላል።»

«እግዜር ይማራቸው» አልሁ፤ ከልቤ ነው ያዘንሁላቸው።

«ሥራ የላትም» ብሎ ጻፈ። ሥራ የሌለው ስደተኛ ደግሞ ወሩ ሲያልቅ ተጭኖ በረሃ ውስጥ ወዳለው ካምፕ ይሄዳል። ምግብ አለ፣ ድንኳን አለ ይላሉ። ነጋዴ ግን አይደርስበትም። የቡሬ ሰው ማርና ሰም ይዞ የሚመጣው ኦምዱርማን ገበያ ነው፤ ወሬም ከማሩ ጋር የሚራገፈው እዚያው ነው። እኔ ካምፕ ከገባሁ አድማሱ ይኑር ይሙት የሚነግረኝ ማን ነው? እንጀራ ፍለጋ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ገበያ ላለመራቅ ብቻ የማላንኳኳው በር አልነበረም። በየበሩ የሚሉኝ ደግሞ አንድ ቃል ነው፤ «ቡክራ»። ነገ ማለት ነው። ይህ አገር ነገ የሚባል ነገር ሞልቶታል።

ኦምዱርማን ሐጃ ዘይነብ ከሚባሉ ባልቴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እንጀራ መሳይ ነገር አላቸው፣ ኪስራ ይሉታል። ከመሳሳቱ የተነሣ ፀሐይ ያሳልፋል፤ ዓይን የለውም። ዓይን የሌለው እንጀራ እየበሉ አገር አይናፍቅም የሚል ካለ ይምጣና ይቅመሰው! ውኃው እንኳ ያው የኛው ነው። ግሽ ዓባይ ለጠበል ስንሄድ እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ የምትሻገረው ውኃ እዚህ ባሕር አክሎ በብረት ድልድይ ይሻገሩታል። አንዳንድ ቀን ዳር ቆሜ «እዚያ ማን ታጠበብህ?» እለዋለሁ።

ከአገሬ ሰዎች የቀረበችኝ ስንዱ ናት። የዱርቤቴ ልጅ ናት፤ ከጣልያን በፊት ጀምሮ እዚህ ኖራ ዐረብኛውን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች። ከምስር፣ ከግብጽ ማለት ነው፣ ለመጣ የቴያትር ቡድን ልብስ ትሰፋለች። አንድ ቀን እያለከለከች መጣች።

«አንቺዬ፣ ሥራ ተገኘልሽ! ቴያትር ነው።»

«ምንድን ነው ደግሞ እሱ?»

«ሰው ያልሆነውን ሆኖ በሰው ፊት የሚቆምበት ነው። የሐበሻን ጦርነት ሊያሳዩ ነው። በወደቀ ወንድሟ ላይ የምታለቅስ ሴት ነበረቻቸው፤ ታማ አገሯ ገባች። ኡስታዙ፣ አለቃቸው፣ ሌላ ሊመርጥ ነው። የሚያለቅስ ሰው ነው የሚፈልገው!»

ይዛኝ ሄደች። ረጅም ጨለማ አዳራሽ ነው፣ ፊት ለፊት እንደ መደብ ከፍ ያለ ሳንቃ አለው። ጥጉ ላይ ቆሜ ሳይ ሙስጠፋ የሚባል ወፍራም ሰው ተወጋና ወደቀ። ወዮ ብዬ ራሴን ይዤ ልጮኽ ስል፣ ሰውየው ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና ፉል አምጡልኝ አለ። በስመ አብ! አማተብሁ። ሬሳ እራት ሲጠይቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ኡስታዙ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። መልከ መልካም ሽማግሌ ነው፣ አይጮኽም። ስንዱ እየተረጎመች የሚፈልገውን ነገረኝ። ፊትሽን አትሸፍኚ፤ ጀርባሽን ለሰው አትስጪ፤ ድምፅሽ ከኋላ ወንበር ይድረስ። መጀመሪያ «ያ አኹይ» ብለሽ ጥሪው፤ ወንድሜ ማለት ነው። የቀረውን በራስሽ ቋንቋ አልቅሺ። ከሳምንት በኋላ ረፋዱ ላይ ነይና ልይሽ፤ ሌሎችም ይመጣሉ። ከወደድሁሽ የሥራ ወረቀት እጽፍልሻለሁ አለኝ።

ወረቀቱን ካገኘሁ ካምፑ ቀረ። ካላገኘሁ ግን ወሩ ማለቁ ነው።

ልምምዱን ግቢያችን ውስጥ ጀመርን። ስንዱ መሬት ላይ ተጋድማ ሬሳ ሆነች። «ቶሎ በይ፣ አሸዋው ጀርባዬን ጠበሰው» ትላለች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ድምፄ እንቢ አለ። እኛ ስናለቅስ ነጠላ አለ፣ አብሮ የሚቀበል ሰው አለ፣ ከሁሉ በላይ የሞተ ሰው አለ። የሚስቅ ሬሳ ፊት እንዴት ነው የሚለቀሰው?

«አድማሱን አስቢ» አለችኝ።

ዘልዬ አፏን ያዝሁት። «ሟርተኛ! ሁለተኛ ስሙን በዚህ ነገር እንዳታነሺ!»

«ኧረ ልቀቂኝ፣ እውነትም ሬሳ ልታደርጊኝ ነው!»

ተኳረፍን። ማታውን ተመልሳ መጣች፤ ስንዱ ኩርፊያ አይበረክትላትም። መላም ይዛ መጣች። ስም አትጥሪ፣ ማንንም አታስቢ፣ ዝም ብለሽ ወንድሜ በይ። ወንድም የሌለው ማን አለ? ደግ ነገር መሰለኝ። የማንንም ስም ካልጠራሁ ሞት ማንን ይሰማል? እናቴም ብትኖር በዚህ አትቆጣኝም አልሁ። በማግስቱ ብቻዬን ቆሜ ሞከርሁት። ያኔ ድምፄ ተከፈተ።

«ወንድሜ ወንድሜ፣ ምነው ያ ደጉ ሰው፣
ቁልቁለት ትቶልን ዳገቱን ጨረሰው!»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ነው። ሐጃ ዘይነብ መጥተው በዐረብኛና በእጃቸው ወቀሱኝ። ፍየላቸው ወተት ከልክላለች። በለቅሶሽ ደንግጣ ነው አሉ። «ፍየል አማርኛ ታውቃለች እንዴ?» ብላቸው ስንዱ አልተረጉምም አለች። ከአጥሩ ውጪ የአገሬ ሰዎች ሲያልፉ ቆም ይሉ ነበር። መቆማቸውን አይቻለሁ። ግን ቀኑን በጣቴ እየቆጠርሁ ኡስታዙ እንዳለኝ ፊቴን ቀና፣ ድምፄን ከፍ ማድረጌን እንጂ ሌላ ምን ትዝ ይለኛል?

ቀኑ ደረሰ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ጎህ ሲቀድ ተነሣሁና ፊቴን ልታጠብ በሩን ከፈትሁት።

ግቢው ሰው ሞልቶታል። ወንዱም ሴቱም ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ከፊት መምሬ ተድላ መስቀላቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አብረውን የተሰደዱ ሽማግሌ ቄስ ናቸው።

አገራችን መርዶ የሚረዳው እንዲህ መሆኑን ለእናንተ አልነግራችሁም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ነጠላ ተዘቅዝቆ፣ ከፊት ቄስ ቆሞ። ቃል አያስፈልገውም። አድማሱ ሞተ! ጮኽሁ። ያን ጩኸት ዳግመኛ ከሆዴ አላወጣውም። መሬት ላይ ወደቅሁ፤ እነሱም ከእኔ ጋር አለቀሱ፤ ሴቶቹ አነሡኝና ነጠላዬን አዘቅዝቀው አለበሱኝ። አንዷ የንፍሮ ድስት አስቀመጠች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉኝ መምሬ ተድላ።

ቆየት ብዬ ጠየቅሁ። «የት ወደቀ? ማን ቀበረው? ማን አየው?»

መምሬ ተድላ ግራ ተጋቡ። «እኛማ ምን እናውቃለን? ካንቺ ነው የሰማነ።»

«ከኔ?»

«ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ወንድሜ ወንድሜ እያልሽ ስታለቅሺ የሰማ ሰው ነገረን። ‹መርዶውን ብቻዋን ሰምታ ብቻዋን እያለቀሰች ነው፤ በሰው አገር ለቅሶ ደራሽ አጣች› ብለን አዘንን። ይቅር በይን ስለ ዘገየን።»

ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ! ልስቅ ነው፣ ላለቅስ ነው፣ ልሰድባቸው ነው? ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ይባላል? አድማሱ አልሞተም! ማለቴ፣ መሞቱን የሰማ የለም። ድንጋይ ከደረቴ ላይ ተነሣልኝ፤ ሳቅሁም መሰለኝ። ወዲያው ግን ንፍሮ ያመጣችው ሴትዮ አንድ ነገር ተናገረች።

«እንዲያውም ትናንት ገበያ ላይ ለሐጂ እድሪስ ነግረናቸዋል። እሳቸውም አለቀሱ። ‹ለእናቱ እኔው አረዳለሁ› ብለዋል።»

ሐጂ እድሪስ! ክረምት ሳይዘጋቸው ወደ ቡሬ ሊመለሱ ነበር። የሚሄዱት በዚያው ጧት ባቡር ነው። ከሳቸው ኋላ የሚሄድ ነጋዴ የለም፤ ዝናቡ ከገባ ቆላው በመስቀል እንጂ አይከፈትም። መርዶው ይቀድማል፤ ማስተባበያው ክረምቱን ሁሉ እዚህ ይቀመጣል።

ሮጥሁ። ጫማዬን አላደረግሁም፣ ነጠላዬን አልመለስሁም። ስንዱ ከኋላዬ «ፈተናው! ኡስታዙ!» እያለች ትሮጣለች። በድልድዩ ላይ የሚሄደውን ትራም ተንጠላጠልንበት። ተሳፋሪው የተዘቀዘቀ ነጠላዬን፣ ያበጠ ዓይኔን እያየ ቦታ ለቀቀልኝ። ትራሙ በየጣቢያው ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይወጣል። ነጂውን ልገፋው ምንም አልቀረኝ።

ጣቢያው ስንደርስ ባቡሩ ተንቀሳቅሷል። በጎኑ እየሮጥሁ «ሐጂ! ሐጂ እድሪስ!» እያልሁ በየመስኮቱ አየሁ። አገኘኋቸው። ነጭ ጥምጥማቸውን አየሁት። እሳቸውም አዩኝ።

«አልሞተም! ሐጂ፣ አልሞተም! ውሸት ነው!»

ባቡሩ ይጮኻል። ቃሌ አልደረሳቸውም። ያዩት ግን ደረሳቸው፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ባዶ እግሯን፣ ፊቷ በእንባ ታጥቦ የምትጮኽ ሴት። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከንፈራቸውን አየሁት፤ «አላህ ያጽናሽ» ይላል። ለቅሶዬን ለእናቴ ሊነግሩ ሄዱ።

ባቡሩ ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆምሁ። ስንዱ ክንዴን ያዘችኝ። «ካምፕ ገብተሽ ምን ትፈጥሪያለሽ? እዚህ ካለሽ በመስቀል የመጀመሪያውን ነጋዴ ትይዢያለሽ። ነይ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሄድሁ።

አዳራሹ ስደርስ ሌሎቹ ሴቶች ጨርሰው ነበር። ኡስታዙ ከነነጠላዬ፣ ከነአቧራዬ አየኝና በእጁ ወደ ሳንቃው አመለከተኝ። ሙስጠፋ ተጋድሟል። «ያ አኹይ» ልል አፌን ከፈትሁ። አልወጣልኝም። እንዴት ብዬ ወንድሜ እላለሁ? ያ ቃል አይደለም ይህን ሁሉ ያመጣው? ከዚያ እናቴ መጣችብኝ። ሐጂ እድሪስ በጎህ በሯ ላይ ቆመው፣ እሷ እሳቱን ትታ ስትወጣ ታየችኝ። የአገሩን ሬሳ ሁሉ ያለቀሰች ሴት ዛሬ ለራሷ ማን ያውርድላት? ከኋላዋ ቆሜ የምቀበለው እኔ ነበርሁ። ፊቴን እንዳላዞር ኡስታዙ የነገረኝንም ረሳሁት።

«ልጇ ቆሞ ሲሄድ፣ ጋሻውን አንግቶ፣
እናት ታለቅሳለች፣ ወሬ ቤቷ ገብቶ!»

ከዚያ በኋላ ያልሁትን አላስታውስም። ስጨርስ ሬሳው ደረቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሙስጠፋ እያለቀሰ ነበር፣ አንድ ቃል አማርኛ ሳያውቅ። ኡስታዙ አንድ ነገር ተናገረ። «እንደገና አልቅሺው ይላል» አለችኝ ስንዱ።

«ለቅሶ ይደገማል እንዴ? ምን ያለው ነው!»

ስንዱ ምን ብላ እንደተረጎመችው እግዜር ይወቅ። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወረቀቱን ጻፈልኝ።

ወረቀቱን ለእንግሊዙ ወሰድሁት። አንብቦ ሲጨርስ ተርጓሚው «እንኳን ደስ ያለሽ፣ አሁን ሥራ አለሽ» አለኝ።

«ምን ብሎ ጻፈው?»

«ተዋናይት።»

«ያው ማልቀስ አይደል?»

ጠየቀልኝ። «አይደለም ይላል። ይኸኛው ቲኬት አለው።»

ይኸው እዚሁ ነኝ፤ ከገበያው ሳልርቅ። ሰማዩ አቧራ ነው፤ እናንተ ግን ጭቃውን ታቦካላችሁ። ይህን ደብዳቤ በአድማሱ ፊደል ነው የጻፍሁ፤ አስቆጥሮ ያስተማረኝ እሱ ነው። ለመስቀል ነጋዴ እሰጠዋለሁ። ቡሬ የምትደርሱ፣ ሽንዲ የምታልፉ፣ ስለ ማርያም እናቴን እዩልኝ። መጀመሪያ ነጠላዋን እዩ። ተዘቅዝቆ ያገኛችሁት እንደሆነ በራሳችሁ እጅ መልሱላት። ልጅሽ መርዶ አልሰማችም በሏት። አድማሱን ያየ ካለም ንገሩኝ፤ ግን በቀን ይሁን፣ ጎህ ሲቀድ በሬ ላይ አትቁሙ።

ታዲያ ማንን ነው ያለቀሰችው? ትላችኋለች፤ አውቃታለሁ። ቴያትር ብትሏት አይገባትም። እንዲህ በሏት፦ ልጅሽ በየማታው በሰው ፊት በአንድ ወንድም ላይ ታለቅሳለች። ሕዝቡም አብሮ ያለቅሳል። ከዚያ መብራቱ ሲጠፋ ሬሳው ይነሣል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ እራቱን ይበላል፤ እሷም አጠገቡ ቁጭ ብላ ሲበላ ታየዋለች በሏት።